ቅቤ የጠጣ ጣውላ

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2017

ሳሎኑ እንደገና ተሰነጠቀ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ፣ ልጄ ኢቅራ እጇን እስከ አንጓዋ የምታስገባበት ስንጥቅ። አምና የተለሰነው ሲሚንቶ ነው፤ የካቻምናው ከሥሩ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ አማቴ በሕይወት እያሉ ያስለሰኑት። የቆቦ ዋልካ አፈር እንዲህ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ አፉን ይከፍታል። ባሌ በድረዲን የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። የሲሚንቶ ነጋዴ ሚስት ሆኜ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምንጣፍ እየጎተትኩ ስንጥቅ እሸፍናለሁ። በአስተማሪነቴ ለገዛ ቤቴ ማርክ ስጪ ብባል ከመቶ ሠላሳ እሰጠዋለሁ።

አናጺው ይሁኔ የማድቤቱን በር ሊያስተካክል መጥቶ አየውና ሳቀብኝ።

"ቲቸር፣ ይኸ አፈር ሲሚንቶ አይችልም። ሞራሌ እንጨት አጋድመን ጣውላ እናንጥፍበት። አፈሩ ከሥር እንደፈለገው ይሁን። አዲስ እንጨት ግን እንዳይገዙ፤ በዚህ ወበቅ ይጣመማል። አሮጌ ይፈልጉ። መጣመሙን የጨረሰ እንጨት።"

መጣመሙን የጨረሰ። ወደድኩት።

ዓርብ፣ ጥር 9

በድረዲን እሺ አለ። "አብሽሪ፣ አሮጌ ጣውላ እኔ አገኝልሻለሁ።" እሱ ዘንድ ሁሉ ነገር አብሽሪ ነው። የታመመም አብሽር፣ የከሰረም አብሽር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ቃል ኖሬአለሁ፤ ደግሞ አልጎዳችኝም።

"እኔ ራሴ ነኝ የምመርጠው፤ የምረግጠው እኔ ነኝ" አልኩት። ሳቀ።

ዛሬ ጁምዓ እኛ ሴቶቹ እንደ ሰሞኑ ሸራ ሥር፣ አፈር ላይ ሰገድን። የሰፈራችን አሮጌ መስጊድ በብሎኬት ሊሠራ ኅዳር ላይ ሲፈርስ የሴቶቹ መስገጃ ባለ ጣውላ ወለል ነበር። አሮጊቶቹ "ጣውላችን የት እንደሚሄድ ሳናውቅ አይነካም" ብለው በሩ ላይ ተቀመጡ። ማን አስነሳቸው? እኔ። "በድረዲን የኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ጣውላው መጋዘን ገብቶ ይቆለፍበታል፤ አዲሱ የሴቶች መስገጃ ሲሠራ ይመለሳል። አደራው በእኔ" አልኳቸው። በእኔ ቃል ተነሱ።

ከሰላት በኋላ የእናቴ እህት ዘሊካ ክንዴን ያዝ አድርጋ "ጣውላችን ደኅና ነው? ለረመዳን ይደርስልን ይሆን?" አለችኝ።

"አብሽሪ አክስቴ" አልኳት። ቃሉ ከባሌ ተጋብቶብኛል።

እሑድ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው። ይሁኔ እስከ ረቡዕ የለም። የተማሪ ደብተር ሳርም ዋልኩ። ዓይኔ ስንጥቁ ላይ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ከይሁኔ ጋር ጎብዬ ደርሰን መጣን። አንድ የእህል መጋዘን ፈርሶ ጣውላው ይሸጣል ተብሎ ነው። እንጨት መምረጥ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ይሁኔ ጣውላውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫነዋል፤ ጥፍሩ ከገባ ይጥለዋል። ከዚያ ከላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ያንጠባጥብበታል። "ውሃውን ቶሎ ከጠጣ ደርቋል ማለት ነው። ከላዩ ተንከባሎ ከወረደ ግን ከኛ በፊት ሌላ ነገር ጠጥቷል፤ ቫርኒሽም አይዝልዎት" አለኝ። እኔም እንደ ተማሪ እየተከተልኩ አንኳኳሁ፣ ጠብ አደረግኩ።

ባለቤቱ "ወላሂ ምስጥ አያውቀውም" እያለ ይምላል። ይሁኔ አንዱን ጣውላ መሬት ላይ ቢመታው ዱቄቱ ተራገፈ። "አባባ፣ ምስጡ ነው የማያውቀው ወይስ እርስዎ?" አላቸው። ሰውየውም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ማታ ላይ ለአክስቴ ዘሊካ ነገርኳት። ጣውላ ስላት ዓይኗ በራ።

"ጣውላማ የኛ ነበር። ከዞብል በግመል የወረደ ጥድ። አርባ ሁለት ሴት፣ አርባ ሁለት ጣውላ። እናትሽ፣ እኔ፣ ሁላችንም የአንድ ክረምት ቅቤያችንን ሸጠን አንድ አንድ ገዛን። ምንጣፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባዶው ጣውላ ላይ ነበር የምንሰግድ። ወቅፍ ነው ብለን ሰጠነው። ለአላህ የተሰጠ አይሸጥም፣ አይለወጥም።"

እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ምንጣፍ ነበረበት። ጣውላውን ራሱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ምንጣፉን ነው የማውቀው። ዛሬ ከሰጡት አርባ ሁለት ውስጥ በሕይወት ያሉት ስድስት ናቸው አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሰባ ሁለት ተማሪ፣ ሰባ ሁለት ደብተር። ሮቢት ከተማ አሮጌ ዴስክ አለ ተባለ፤ ይሁኔ ሄዶ አየው፤ "የልጅ ስም ያልተቀረጸበት ቦታ የለም" ብሎ ተመለሰ። በድረዲን ኮሚቴ፣ ኮሚቴ ይላል። እራት እንኳ አብረን አልበላንም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ዋጃ ልሄድ ተነስቼ በድረዲን ከለከለኝ። "መንገዱ ሰሞኑን ጥሩ አይደለም። ደግሞ እዚያ የሚፈርስ ሆቴል አለ፤ ባለቤቱን አውቀዋለሁ። እኔ አመጣልሻለሁ።"

"ምርጫው የኔ ነው ተባብለናል" ብዬ አኮረፍኩ። ከሰዓት ሁለት ቁራጭ ይዞልኝ መጣ፤ አንዱ ባሕር ዛፍ፣ አንዱ ጥድ። "በይ ምረጪ" አለኝ። ባሕር ዛፉን በጥፍሬ ተጫንኩት፤ ገባ። ጥዱ እንደ ድንጋይ ነው። አሸተትኩት። ስንት ዓመት ቆይቶም ይሸታል። ልቤ ወደሱ ሄደ።

"ጥዱ" አልኩ።

"ምርጫሽ ነው?"

"ምርጫዬ ነው።"

ግንባሬን ሳመኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ትምህርት ቤት እያለሁ ጣውላው መጣ። ተልጎ፣ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ፣ ግድግዳው ጥግ ተደርድሮ ደረስኩ። አርባ ሁለት ጣውላ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ለሳሎኑ ልክክ ይላል።

ይሁኔ አንድ የቀረ ሚስማር ነቅሎ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። "ይኸ የአንጥረኛ ሚስማር ነው። ሆቴል እንዲህ ያለ ሚስማር..." ብሎ ጀመረ። በድረዲን በበሩ ሲገባ ወሬውን ቆረጠውና ሜትሩን አወጣ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ተነጠፈ! ሞራሌው ላይ ልስልስ ብሎ ተጋድሞ፣ ቀላ ብሎ፣ አንዱ ካንዱ ገጥሞ። በባዶ እግሬ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላህ ይወቅ። ኢቅራ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በካልሲ እየተንሸራተተች የአምስት ዓመት ልጅ ሆነችብኝ። ስንጥቁ የለም። ስንጥቁ ከሥር ነው፣ አያገባኝም።

አክስቴን ልጥራት አልኩ። በድረዲን "ቆይ ቫርኒሹ ይቀባ፣ ይድረቅ። ለረመዳን ትመጣለች" አለ። እውነቱን ነው። በጫማ ይረግጡትና ይበላሻል።

አሮጊቶቹ አፈር ላይ እየሰገዱ እኔ በወለል መፈንጠዜ ትንሽ ቆረቆረኝ። የነሱም ይመለሳል ኢንሻአላህ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ቫርኒሹ አልይዝ አለ። ሁሉም ቦታ አይደለም። እዚህም እዚያም፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ ቦታ ላይ ሲደርስ እየተንከባለለ ይሸሻል። ይሁኔ በርከክ ብሎ ፋቀው፣ ጣቱን አሸተተ።

"ቅቤ ነው። ይኸ ጣውላ ቅቤ ጠጥቷል ቲቸር። ብልገውም አይለቅም፤ ወደ ውስጥ ወርዷል።"

"ሆቴል አይደል፤ የማድቤቱ ወለል ይሆናል" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ብሩሹን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ቀኑን ሙሉ አልተጫወተም። ሰው ሁልጊዜ አይጫወትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ለበድረዲን አሳየሁት። "አብሽሪ፣ ምንጣፍ አንጥፊበት" አለ። ይኸው ተመልሼ ምንጣፍ ጎታች ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አክስቴ ዘሊካ ሳልጠራት መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀችና ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ቤት አየች እንጂ ሰው ሲሞት አላየች፣ አንድ "ማሻአላህ" አትልም?

"ከየት ነው የመጣ?"

"ዋጃ ከፈረሰ ሆቴል።"

"ሆቴል" አለች።

ፊቴን አተኩራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ የዐስር ሰላት ደረሰ። መስገጃ ዘረጋሁላት፤ በእግሯ ገፋ አድርጋ ባዶው ጣውላ ላይ ቆመች። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን ጣውላው ላይ እንዳደረገች ስትዘገይ ወገቧ ይዟት ይሆናል ብዬ ተጠጋሁ፤ በእጇ ተይኝ አለች። ሻይ ሳትቀምስ ሄደች። እርጅና ነው። እናቴም መጨረሻዋ አካባቢ እንዲህ ግራ ይገባት ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 9

ኢቅራ ምንጣፉን ጠቅልላ ወለል ስትወለውል ቆማ ቀረች።

"እማ፣ ክቦቹን እይያቸው። ዝም ብለው አይደሉም እኮ። መስመር ናቸው። አንድ መስመር እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ መሃላቸው እኩል። የሰላት ሰፍ ነው የሚመስል።"

"የማይሆን ነገር አትዘላብጂ!" ብዬ ጮኽኩባት። በሕይወቴ እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። አለቀሰች። ለምን እንደጮኽኩ እንጃ። ራሴን አሞኛል፤ ከትናንት ጀምሮ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከጆንያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

"የመስጊዱን ጣውላማ የሰው ሳሎን ዋጠው አሉ።"

"የማን ሳሎን?"

"የአስተማሪዋ ነዋ።"

ድንገት ዞር ሲሉ አዩኝ። አንደኛዋ ስለ ማሽላ ዋጋ ጀመረች። ቆቦ ውስጥ ስንት አስተማሪ አለ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ኢቅራ ትምህርት ቤት ናት። ምንጣፉን ጠቀለልኩ። ቁርበት እንኳ ሳልዘረጋ ቆምኩና ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ግንባሬ ክቡ ላይ አረፈ። ልክ ክቡ ላይ። ወደ ጎን ተጠግቼ ሞከርኩ፤ ሁለተኛውም ላይ አረፈ። ሦስተኛውም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር፣ በራያ ፀሐይ ወደ ግንባር የሚወርድ ቅቤ፣ በቀን አምስት ጊዜ።

ከዚያ ተነስቼ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሁሉንም ልጽፈው ነው። ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ ሌላ ነገር እነግራታለሁ፤ እንደማደርገው አይቻለሁ።

ምሳ እየበላ "የመጋዘኑን ቁልፍ ስጠኝ። ሴቶቹ ጣውላቸውን ማየት ይፈልጋሉ" አልኩት።

"አብሽሪ፣ እኔ አሳያቸዋለሁ።"

"አብሽሪ አትበለኝ። የሆቴሉ ባለቤት ማን ይባላል?"

"ሰላሁዲን።"

"ስልኩን ስጠኝ፤ ላመስግነው።"

ጉርሻውን አላመጠና ዋጠ። ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ጣት በጣት። አልተደናገጠም። እኔን የገደለኝ ይኸ ነው፤ አልተደናገጠም።

"እንግዲህ ስሚ" አለኝ። "ጣውላው መጋዘን ሊበሰብስ ነበር። የሴቶቹ መስገጃ አዲሱ ፕላን ላይ የለም። በዚያ በኩል የሚከራዩ ሱቆች ይሠራሉ፣ ለመስጊዱ ገቢ። ኮሚቴው ከወሰነ ቆየ።"

"መቼ?"

"ታኅሣሥ።"

"ለሴቶቹ ማን ነገራቸው?"

"አንቺ።"

ጃኬቱን አንስቶ ከውስጥ ኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፤ አጣጥፎ ይዞት ነው የሚዞር። ዘርግቶ ፊቴ አስቀመጠው። እንዲህ ይላል፦ "የሴቶች መስገጃ የነበረው የእንጨት ወለል ያረጀና ለአገልግሎት የማይውል በመሆኑ፣ እንዲሁም የሴቶች መስገጃ በአዲሱ ግንባታ ውስጥ እንዳይካተት የተወሰነ በመሆኑ፣ ጣውላው እንዲወገድ የሴቶች ተወካይ መስማማታቸውን በፊርማቸው አረጋግጠዋል።" ከሥሩ ስሜ። ከሥሩ ፊርማዬ።

አስታወስኩት። ታኅሣሥ ላይ ፈተና እያረምኩ ነበር። በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ "ጣውላው መጋዘን መግባቱን ነው፤ እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ሰው በር ላይ እየጠበቀኝ ነው" አለኝ። በቀይ እስክሪብቶ ነው የፈረምኩት፤ ሌላ ለማንሳት እንኳ አልቆምኩም። መመሪያ ሳያነብ መልስ ለሚሠራ ተማሪ አምስት ማርክ የምቀንስ ሴትዮ። ራሴን ምን ልቀንሳት?

"አጭበረበርከኝ" አልኩት።

"ለማን ብዬ ነው? እኔ ነኝ ወለል ወለል ያልኩ? ሁለት ቁራጭ አላመጣሁልሽም? ጥዱ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ስትመላለሺበት አላየሁሽም?"

እውነቱን ነው። ወድጄዋለሁ። በእናቴ ጣውላ ላይ እንደ ልጃገረድ ስፈነጥዝ እሱ ቆሞ ያይ ነበር፤ የማን እንደሆነ እያወቀ፣ ፈገግ ብሎ። ሰርቆ ከኔ ቢደብቀው ይሻለኝ ነበር። እኔንም ከጣውላው ጋር ነው የሰረቀኝ፤ ስሜን፣ ምርጫዬን፣ ለአሮጊቶቹ የሰጠሁትን ቃል። ግንባሬን የሳመኝ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ነበር።

ወደ ሱቁ ተመለሰ። ወረቀቱን ይዞት ሄደ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ጁምዓ አልሄድኩም። በምን ፊቴ።

እናቴ "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ትል ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ አልሰማሁትም፤ "ፈርሚ" ያለኝ መሰለኝ። እራት አልሠራሁም። ኢቅራ እንቁላል ጠበሰች። አባቷ በላ፣ አመሰገናት።

ወለሉን በጠርዝ በጠርዙ እሄዳለሁ። ኢቅራም እንደኔ መሄድ ጀምራለች።

እሑድ፣ የካቲት 16

አክስቴ ዘሊካ ምስር ስትለቅም ደረስኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕላኑን፣ ወረቀቱን፣ ቀዩን እስክሪብቶ። ቀና አላለችም።

"እናውቃለን" አለች።

"ምኑን?"

"ጣውላው ቤትሽ መግባቱን። ኢሱዙው ከመጋዘን ሲወጣ ጎረቤትሽ ራቢዓ አይታዋለች።"

"ታዲያ ምን ብላችሁ ዝም አላችሁኝ?"

"ታውቂያለሽ ብለን ነዋ። ባልና ሚስት መክረው ነው ብለን።" ጠጠር ለቅማ ወረወረች። "ለዚህ ነው ቤትሽ የመጣሁ። ሆቴል ስትይ ፊትሽን አየሁት። ተመልሼ ለሴቶቹ 'ኡሙሃኒ አታውቅም፣ ልጄን አውቃታለሁ' አልኳቸው። ግማሾቹ አመኑኝ። ግማሾቹ 'የተማረች ሴት እንዴት አታውቅም' ይሉኛል፣ ገና ስለ ወረቀቱ ሳይሰሙ። እንግዲህ አሁን ምን ልበላቸው?"

የወፍጮ ቤቷ ሴት፣ ባጃጅ ላይ ያገኘኋት፣ ሰላም ስትለኝ የነበረችው ሁሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ቤቴ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ምን ላድርግ አክስቴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሀሁ የቆጠርሽ አንቺ ነሽ" አለችኝ። ከዚያ የምስሩን ሰፌድ ወደኔ ገፋችው። ሁለታችንም ለቀምን።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ይሁኔን ጠርቼ "አንሳው" አልኩት። ለምን አላለኝም። ሚስማር መንቀያውን ይዞ ነው የመጣው። አንድ ጣውላ ሳይሰነጠቅ፣ ልጣጭ ሳይወጣው፣ አንድ በአንድ ተነሳ።

"እንዴት እንዲህ ቀለለ?"

"ሙጫ አላስገባሁበትም ቲቸር።" አንገቱን ደፋ። "ሚስማሩን ካየሁ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬአለሁ። የመስጊድ ነገር፣ የባልና ሚስት ነገር፣ እኔን ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ሙጫውን ተውኩት። ጥፋት ነው።"

አናጺው እንኳ ወለሌን የሚነሳ አድርጎ ነው ያነጠፈልኝ።

ሠላሳ ያህል እንደተነሳ በድረዲን ደረሰ። ሞራሌው መሃል ቆሜ አየኝ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ወለል እየመረጥኩ።"

"ሰው ምን ይላል? ነገ ሱቄን ማን ይረግጠዋል? ልጅ የለሽም?" ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። ይሁኔ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ግቢው ሊወጣ ሲል "ሥራህን ቀጥል" አልኩት። በድረዲን ስልኩን አውጥቶ እያወራ ወጣ። የመስጊዱን ኢማም "ሼህ ኑሀ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ" ሲል ሰማሁ። ድምፁ ተመልሶ ለስልሶ ነበር። የምን ምክር እንደሆነ አልገባኝም።

ጣውላውን በጋሪ ጫንን፤ ሁለት ጉዞ። በጓሮ መንገድ አልሄድኩም። በጠራራ ፀሐይ፣ በመናኸሪያው በኩል፣ ከጋሪው ኋላ በእግሬ። ኢቅራ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አየችኝና ቦርሳዋን ጋሪው ላይ ጥላ አጠገቤ ሄደች። ሰው አየን። ይይ።

ሸራው ሥር አፈሩን ደልድለን አነጠፍነው። አክስቴ ዘሊካና አምስቱ አሮጊቶች ቆመው አዩ። አንደኛዋ ጎንበስ ብላ አንዱን ጣውላ በመዳፏ ዳበሰች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ረመዳን ገባ። ትናንት ማታ የመጀመሪያው ተራዊሕ ነበር።

ላልሄድ ነበር። ኢቅራ ሻርፔን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች፤ ተነሳሁ። ቤታችን ወለል የለውም፤ ሞራሌ በሞራሌ እየተሻገርን፣ ከሥር የዋልካው ስንጥቅ አፉን ከፍቶ፣ ወጣን። በድረዲን ቀድሞ ሄዷል። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረኝም።

ሴቶቹ ጣውላው ላይ ተደርድረዋል። እኔ ከጣውላው ውጭ፣ አፈሩ ላይ ቆምኩ። መጋረጃው ከወንዶቹ ይለየናል። ኢሻ ተሰግዶ ተራዊሑ ሳይጀመር የሼህ ኑሀ ድምፅ በማይክሮፎኑ መጣ። ስለ ረመዳን ተናገሩ፣ ስለ ሰደቃ ተናገሩ። ከዚያ፦

"ወንድማችን በድረዲን ለእህቶቻችን መስገጃ የሚሆን የጥድ ጣውላ ከቤቱ አንስቶ ለግሷል። አላህ ይቀበለው።"

ወንዶቹ "አሚን" አሉ።

የረቡዕ ምክሩ ይኸ ነበር። ሰርቆ አነጠፈልኝ፣ ሲነሳበት ደግሞ ለገሰው። የእናቴን ቅቤ፣ የአርባ ሁለት ሴት ክረምት፣ የሱ ሰደቃ አደረገው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደኔ ዞሩ። ራቢዓ አየችኝ። አክስቴ ግን አልዞረችም፤ ፊቷን ወደ ቂብላ እንዳደረገች ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ እየጠበቀች እንደሆነ አወቅሁ።

"ሼህ ኑሀ" አልኩ። ሰባ ሁለት ልጅ ዝም የሚያሰኝ ድምፅ ነው ያለኝ፤ ማይክሮፎን አላስፈለገኝም። "ጣውላው ልግስና አይደለም። ወቅፍ ነው። እናቶቻችን በቅቤያቸው የገዙት ነው። ተወስዶ የኔ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ አሁን ተመለሰ። ይወገድ የሚለው ወረቀት ላይ የፈረምኩ እኔ ነኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። የሴቶች መስገጃ ከፕላኑ እንደወጣም እዚህ ያሉት ሴቶች አያውቁም። ዛሬ ይወቁ።"

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው አሳለ። ሳቅም ሆነ ቁጣ ጠበቅኩ። ሼህ ኑሀ፣ ሁልጊዜ ሰላት ሊጀመር ሲል እንደሚሉት፣ "ሰፋችሁን አስተካክሉ" አሉ።

አክስቴ ዘሊካ ወደ ኋላ እጇን ሰድዳ ክንዴን ያዘችና ወደ ጣውላው ሳበችኝ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁ። በቀኜ አክስቴ ትከሻዋን ከትከሻዬ አገናኘች። በግራዬ ራቢዓ ቆማለች፤ በሰፍ መሃል ክፍት ቦታ አይተውም፤ እሷ ግን አልተጠጋችኝም። የአንድ መዳፍ ክፍተት መሃላችን ቀረ። ካላመኑኝ ግማሾቹ አንዷ ናት። መብቷ ነው።

ተክቢራው ተባለ፣ ፋቲሓው ተቀራ። መጨረሻው ላይ ወንዶቹ "አሚን" ሲሉ የበድረዲንን ድምፅ ፈለግኩ። ከመቶ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ነበረ። እንደ ወትሮው ለስለስ ብሎ፣ ረዘም ብሎ፤ አልተንቀጠቀጠም። እኔ አሚን ያልኩት የሱ ድምፅ እስኪያልቅ ጠብቄ ነው።